የጅቡ ድምፅ ከየት ይመጣል?
(የሥዕል መጽሐፍ ለሕፃናት ጮክ ብሎ ስለ ማንበብ)

ለማስተማር ልምምድ ሜጋ ለወጣን ሠልጣኞች በትምህርት ዕቅዳችን ውስጥ ከገቡት ሥራዎች አንዱ ለታችኛው ክፍል ሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ ጽሑፉ ትንሽ፣ ሥዕሉ ትልቅ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ይህን ማንበብ ምን ያቅተዋል ያሰኛል። ነገር ግን እርስ በርሳችን በየክፍሉ እየገባን ስንተያይ ሁለት ዓይነት አንባቢ ሆነን ተገኝተናል። አንደኛው እንደ ዜና አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ ድምፅ ይወርደዋል፤ አንበሳውም፣ አይጧም፣ እናትየዋም እኩል ይናገራሉ። ሁለተኛው ደግሞ ልጆቹን ለማሳቅ ሲል ድምፁን ያጣምማል፣ የአገሩን ሰው ሁሉ አነጋገር ይቀዳል፣ ክፍሉ በሳቅ ይናጋል፤ ደወል ሲደወል ግን ታሪኩ ምን እንደነበረ መልሶ የሚናገር ልጅ አይገኝም። (በሠልጣኞች መካከል የሚደነቀው ይሄ ሁለተኛው መሆኑን ሳንናገር አናልፍም።) ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ስለ ድምፅ ነው፤ በተለይም ድምፁ ከየት መምጣት እንዳለበት።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ድምፅ እየለወጡ ለልጅ ታሪክ መንገር ከማሠልጠኛ ያገኘነው አዲስ ዘዴ አይደለም። በቦረና ማታ ከብቱ ገብቶ፣ ወተቱ ታልቦ፣ እሳት ዳር ሲቀመጡ «ዱሪ ዱሪ» ይባላል፤ ድሮ ድሮ ማለት ነው። የምትተርከው አብዛኛውን ጊዜ አኮ ናት፣ አያት። አኮ መጽሐፍ አልያዘችም፣ የምታሳየውም ሥዕል የላት፤ ጨለማ ነው። ወራቤሳን (ጅብን) ከሌንጫ (ከአንበሳ) የሚለየው ድምፅዋ ብቻ ነው። በአማርኛውም ቢሆን «ተረት ተረት» ሲባል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ተራኪው ወሬውን አይቀጥልም። እንግዲህ ክፍላችን ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ከእኛ የበለጡ ተራኪዎችን ሰምተው ነው የመጡት። የድንጋይ ግድግዳ ላይ ውሃ እንደሚያፈሱ አድርገን ካነበብንላቸው ወዲያው ያውቁብናል።

ይህን የእሳት ዳር ሥራ ወደ አደባባይ ካወጡት ሰዎች ቀዳሚው አባባ ተስፋዬ ናቸው። ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ ነው፤ ባሌ ውስጥ ተወለዱ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ክፍለ ጊዜ ይዘው ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ነገሩ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አረፉ። ከቴሌቪዥኑ በፊት የመድረክ ተዋናይ ነበሩ፤ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተጫውተዋል። በእጅ ስልክ የሚገኙትን ቀረጻዎቻቸውን ያላየ ሠልጣኝ ካለ ይፈልግና ይመልከት። አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግቶ ቢያየው ደግሞ ይበልጥ ይማራል፤ ፊታቸውና ትከሻቸው ማን እየተናገረ እንደሆነ ይነግሩታልና። ድምፅ ጉሮሮ ውስጥ ብቻ እንደማይሠራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለንም።

ለእኛ ለደቡብ ቆላ ተማሪዎች ይበልጥ የሚቀርብም ሰው አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተወለዱት ነገሌ ቦረና ነው። አባታቸው ማንበብና መጻፍ የማይችሉ የከብት ነጋዴ ሲሆኑ ልጃቸው እንዲማር ግን አጥብቀው ፈለጉ። አቶ ዮሐንስ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ በእጃቸው የገባው 19 ዓመት ሲሞላቸው ነበር። በኋላ በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ በመደርደሪያው የብዙ አገር ቋንቋ ተደርድሮ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እንደሌለ አስተዋሉ። ከዚያም የቂሉን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሐፍ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2002 አወጡ፤ በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ጋሪ ላይ መጽሐፍ ጭነው ልጆቹ ዘንድ አደረሱ። ከኤል ሶድ ጉድጓድ ጨው ተሸክመው ሲወጡ የምናያቸው አህዮች ይህን ቢሰሙ ሥራ መቀየር ይጠይቁ ነበር።

ቂሉን ማሞን ያነሣነው ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። ማሞ እናቱ ያለችውን ሁሉ ቃል በቃል የሚፈጽም ልጅ ነው። ይህን ተረት ለማንበብ ስንዘጋጅ ብዙዎቻችን በመጀመሪያ ያሰብነው ለማሞ የቂል ድምፅ መስጠት ነው፤ አፍን ከፈት፣ ቃሉን ጎተት፣ ከንፈርን ጣል። ሁለት ሠልጣኞች አንዱን ተረት በሁለት መንገድ አንብበው አነጻጽረን ነበር። አንደኛው ማሞን በቂል ድምፅ አነበበው፤ ልጆቹ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳቁ፣ በሦስተኛው ላይ ሳቁ ደከመ። ሌላዋ ማሞን ለእናቱ በጣም እንደሚታዘዝ፣ ሁሉን ነገር በትክክል እንደሠራ እርግጠኛ እንደሆነ ልጅ አድርጋ በቀና ድምፅ አነበበችው። ልጆቹ ዝም ብለው ቆዩና ማሞ የሚሠራው ሥራ ሥዕሉ ላይ ሲታይ በሳቅ ፈነዱ፤ አንድ ልጅማ «ቲቸር፣ እሱ እኮ ልክ ነው፣ እናቱ ናት ያለችው!» ብሎ ተከራከረ። የማሞ አስቂኝነት ያለው በአፉ ሳይሆን በሥራው ነው። አንባቢው ቀድሞ ሲስቅበት ልጆቹ የሚያገኙት ነገር አይተርፍም።

ከዚህ ተነሥተን የደረስንበት አስተያየት ይህ ነው፦ ገጸ ባሕርዩ ድምፁን የሚያገኘው ሥዕሉ ላይ ከሚታየው አካሉና ከያዘው ስሜት ነው። ትልቅ ነው ትንሽ? ይቸኩላል ወይስ ጊዜ አለው? ጠግቧል ወይስ ርቦታል? ሮጦ ነው የመጣው? ሮጦ የመጣ ሰው በዓረፍተ ነገሩ መካከል ይተነፍሳል፤ ይህን ብቻ ማድረግ ድምፅን ሳያጣምሙ ሌላ ሰው ያደርጋል። ዝሆንን ለማንበብ መጮህ አያስፈልግም፣ ዝግ ማለት ይበቃል። አይጥን ለማንበብ ጉሮሮን ማነቅ አያስፈልግም፣ ፈጠን ማለትና ቃሉን ቆረጥ ቆረጥ ማድረግ ይበቃል። ጉሮሮን እያነቁ በቀጭኑ ማንበብ በቀን አራትና አምስት ክፍለ ጊዜ ለሚያስተምር ሰው ጉዳትም ነው፤ በሜጋ ንፋስና አቧራ ላይ ተጨምሮ ሳምንቱ ሳያልቅ ድምፅ ይዘጋል። ድምፅ ከሆድ ይነሣ፣ ውሃ አጠገብ ይኑር። ከሦስት የማይበልጥ የድምፅ ዓይነት ለአንድ መጽሐፍ በቂ ነው፤ የተራኪው ድምፅ ደግሞ የራሳችን፣ የሁልጊዜው ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ለኤሊዋ የሰጠናትን ድምፅ በሁለተኛው ቀን ብንረሳ ልጆቹ አይምሩንም።

ስለ ጅብ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ ተረት «አያ ጅቦ» ይባላል፤ አያ የታላቅ ወንድም መጠሪያ ነው። ሆዳም ነው፣ በቀላሉ የሚታለል ነው፣ ግን በማክበር ይጠራል። እኛ ግን ጅብ የሚለውን ቃል ስናይ ወዲያው ግሮሮሮ እያልን ልጆቹን ለማስፈራራት እንነሣለን። የሜጋ ልጅ እውነተኛውን ጅብ ያውቀዋል፤ ሌሊት ከበረቱ አጥር ውጭ ሲጮህ ሰምቶ ነው ያደረው፣ ምናልባትም ግልገል ተበልቶበታል። የጅብ ጩኸት ከታች ተነሥቶ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ እንደሚወጣ ከእኛ ይልቅ እሱ ያሳየናል። ስለዚህ የእንስሳውን ጩኸት ከልጆቹ መጠየቅ፣ የእንስሳውን ንግግር ግን እኛ ማንበብ ጥሩ ዘዴ ሆኖ አግኝተነዋል። የግመል ድምፅ እንዲያሰሙን የጠየቅናቸው የሦስተኛ ክፍል ልጆች እኛ ያቀረብነውን ግመል «ይሄ ፍየል ነው» ብለው ጣሉት፤ የራሳቸውን ሲያሰሙ ከጎን ያለው ክፍል መምህር መጥተው በሩን አንኳኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። አስቂኝ ድምፅ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት የሌላ አካባቢ ሰው ቅላጼ ነው። ሞኙ በባላገር አነጋገር፣ ስስታሙ በነጋዴ አነጋገር፣ ሌባው ደግሞ በጎረቤት ሕዝብ አነጋገር ይነበባል። መድረክ ላይ ይህ የተለመደ ማሳቂያ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ካልተስማማው ተነሥቶ ይወጣል፣ ወይም በራሱ ቀልድ ይመልሳል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን ተነሥቶ አይወጣም። በሜጋ አንድ ክፍል ውስጥ ቦረና አለ፣ ቡርጂ አለ፣ ኮንሶ አለ፣ ገብራ አለ፣ ከሰሜን የመጣ ሠራተኛ ልጅ አለ፣ ሱቅ ያለው የጉራጌ ልጅ አለ። የትኛውንም ቅላጼ ብንቀዳ ባለቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መምህሩ ሞኙን በእሱ አባት አነጋገር ሲያነብና ክፍሉ ሲስቅ፣ ልጁ የሚማረው ስለ ሞኙ አይደለም።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በቋንቋው በኩል ብናየው ይገባናል። በአፋን ኦሮሞ «ዘ» እና «ፐ» ከሌላ ቋንቋ በገቡ ቃላት ካልሆነ በቀር አይገኙም። የቦረና ልጅ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ዘመድ» የሚለውን ሲያነብ ምላሱ ወደሚያውቀው ድምፅ ቢሄድ የሚያስገርም ነገር የለውም። እኛም በተራችን የአፋን ኦሮሞን «ዸ» ለማውጣት እንሞክርና እንተያይ፤ ገና ከጅምሩ ነው የሚያስቁብን። ልጁ ያንን «ዘ» ሊይዘው የሚችለው ደጋግሞ ጮክ ብሎ ሲሞክር ብቻ ነው። ትናንት በተረቱ ሰዓት መምህሩ ያንኑ ስሕተት እንደ ቀልድ ካቀረበው ግን ዛሬ እጁን አያወጣም። የንባብ ሰዓታችን የንግግር ሰዓታችንን ይገድላል ማለት ነው። ትምህርት በአማርኛ ብቻ በነበረበት፣ ማለትም ከ1984 ዓ.ም. በፊት ባለው ዘመን የተማሩ አባቶችን ስናነጋግር በአነጋገራቸው ሲሳቅባቸው ዝም ማለትን እንደመረጡ ያወሩናል። ዛሬ ልጃቸው በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ሲጀምር ያው ዝምታ ቢጠብቀው ምን ተለወጠ?

እዚህ ላይ ከሠልጣኞች አንድ ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም፤ «ታዲያ ሁላችንም እንደ አዲስ አበባ ሬዲዮ እናንብብ ወይ?» የሚል። በእኛ አስተያየት በፍጹም አይደለም። ጎጃሜው በጎጃም ቅላጼው፣ ወሎዬዋ በወሎ ቅላጼዋ፣ የቦረናው ልጅ በቦረና ቅላጼው ያንብብ። ይሄ የራሱ ድምፅ ነው፣ ተራኪ ሲሆን ያምርበታል፤ አማርኛ በብዙ አፍ እንደሚነገር ልጆቹ ከዚህ ይማራሉ። አንዲት ሠልጣኝ ከእናቷ የሰማችውን የወሎ ተረት በእናቷ አነጋገር ስታነበው ማንም አልተነካም፤ የተናገረችው በፍቅር ነዋ። ልዩነቱ ቅላጼው ለሞኙ ብቻ ተለይቶ ሲሰጥ ነው። ለመለየት ከተቸገርን አንድ መፈተኛ አለን፦ የዚያ አካባቢ ሰው የሆነ አባት ልጁን ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ቢሰማን በያዝነው ድምፅ እንቀጥላለን ወይ? ድምፃችንን ዝቅ የምናደርግ ከሆነ መልሱ ያ ነው። መንተባተብንና ጥርስ የሌለውን ሽማግሌ አነጋገር ለማሳቂያ ማቅረብም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ሽማግሌ በሚከበርበት አገር እንዲህ ማድረግ ልጆቹን ራሳቸውን ያሳፍራቸዋል፤ ዓይናቸውን መሬት ሲተክሉ አይተናል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ዝግጅት። ሳይዘጋጁ ጮክ ብሎ ማንበብ በአማርኛ ከሌላው ቋንቋ የባሰ አደጋ አለው፤ ምክንያቱም ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ነው። ገጹ ላይ «ጅቡ አለ» የሚል ቢመጣ ጅቡ ሊናገር ነው ወይስ ጅቡ እዚህ ነው ያለው? ለሕፃን ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ሰው ወይም ጠባብ ያልሆነው ነው፤ «ዋና» ውሃ ውስጥ የሚዋኘው ወይም ዋነኛው ነው። «ገና» ደግሞ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ለቦረና ልጅ ግን ይሄው የሚጠብቀው ድምፅ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ትልቁ ዝናብ ነው። «ገና መጣ» ብለን ስናነብ ግማሹ ክፍል ስለ በዓል ሲያስብ ግማሹ ስለ ዝናብ ያስባል፣ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል፣ ታሪኩ ግን ተምታቷል። በቁቤ የተጻፈ መጽሐፍ በዚህ በኩል ይረዳናል፤ የሚጠብቀው ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ የአናባቢውም ርዝመት ይታያል። ነገር ግን የታየውን መጠበቅ የአንባቢው ፋንታ ነው፤ «ለፈ» መሬት ሲሆን «ላፋ» ለስላሳ ነውና። ስለዚህ መጽሐፉን ማታ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ የሚጠብቁትን ቃላትና የማረፊያ ቦታዎችን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ በገጾቹ መካከል ማስገባት ያስፈልጋል። በመጽሐፉ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ግን ክልክል ነው፤ ከአንድ መጽሐፍ በኋላ ሃምሳ ሰው ይጠቀምበታል።

የዝምታንም ጥቅም አንርሳ። ገጽ ከመግለጥ በፊት ለሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም ማለት ከማንኛውም የተጣመመ ድምፅ ይልቅ ልጆቹን ወደ ፊት ያስጎነብሳል። የኋላ ረድፍ ሲንጫጫ ድምፅን ከፍ ከማድረግ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ትግል አያስፈልግም፤ ማንበቡን አቁሞ ሥዕሉን ብቻ እየዞሩ ማሳየትና ልጆቹ ራሳቸው ምን እንደሚባባሉ እንዲገምቱ መተው ነው።

ትልቁ ችግር ግን የልጆቹ ብዛት ነው። የሥዕል መጽሐፍ የተሠራው እናት ጭን ላይ ለተቀመጠ አንድ ልጅ ነው፤ እኛ ያለን ሃምሳና ስድሳ ነው። መጽሐፉን በአፋችን ፊት ይዘን ስናነብ ድምፃችንንም ሥዕሉንም እንከልላለን። በትከሻ በኩል ወደ ጎን ይያዝ፤ ከተቻለ ሁለት ሆኖ መግባት፣ አንዱ ይይዛል አንዱ ያነባል። ልጆቹን ከወንበር አስነሥቶ መሬት ላይ በግማሽ ክብ ማስቀመጥም ይረዳል። በዱብሉቅ ኤላ ውሃ የሚቀዱት ሰዎች በረድፍ ቆመው አንዱ ሲያዜም ሌላው እየተቀበለ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፉታል፤ ልጆቹ ይህን ከሕፃንነታቸው ያዩታል፣ ስለዚህ በታሪኩ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ቃል ካለ ለእነሱ መተው ነው። አንዴ ከነገርናቸው በቦታው ሳይጠሩ ይቀበሉታል፣ ለስድሳ ልጅም ሥራ ይገኝለታል።

ሥዕሉን ማጉላት የሚቻልበትን መንገድም ጀምረናል። ከሱቅ የሚጣል ካርቶንና ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ጥሩ ገጽ ይወጣዋል። ለዚህም የሌላ ሰው መጽሐፍ ከመገልበጥ ይልቅ የራሳችንን አንድ ታሪክ ለመሥራት ተስማምተን ባለታሪኩን መረጥን፦ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ አካባቢ ካልሆነ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኘው ቁራ። ወፉን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው ሞልቶኒ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1938፤ ልጆቹ ግን ከከብቱ ጋር ሲውሉ በየቀኑ ያዩታል፣ አንድም መጽሐፍ ውስጥ ግን አግኝተውት አያውቁም። ግራጫ ነው፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ አለው። ምን ዓይነት ድምፅ እንስጠው ብለን የአራተኛ ክፍል ልጆችን ጠይቀን እየተከራከሩበት ነው። እስካሁን ያሸነፈው ሐሳብ ብዙ የሚያወራ ግን ቶሎ የሚደነግጥ ነው የሚለው ነው።

ስድስት ገጽ ተሠርቶ በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ ለማየት የሚፈልግ ከሰዓት በኋላ መምጣት ይችላል። በከሰልና በጠመኔ ጥቁሩንና ግራጫውን አግኝተናል። ለዓይኑ የሚሆን ሰማያዊ ቀለም ግን የለንም፤ ያለው ሰው ትንሽ ቢያካፍለን።